ያዝ ነው የሚለው

ሰውየው እንግሊዝኛ ይችላል የሚለው ወሬ ከየት እንደተነሣ ቤተሰቡ ውስጥ በትክክል የሚያስታውስ የለም። አንዳንዶች ከአማቱ ቴሌቪዥን ነው ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ሥዕል አላመጣ ብሎ ዘመድ አዝማድ ሲጨነቅ፣ እሱ የመመሪያውን መጽሐፍ ተቀበለና ገጽ በገጽ እየገለጠ «እህ»፣ «አሃ»፣ «እንደጠረጠርኩት» እያለ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ መሐል አንዱ ከኋላ ሽቦውን ሲነካካ ሥዕሉ ቦግ አለ። ሽቦውን የነካካው ሰው እስከ ዛሬ ስሙ አይነሣም። መጽሐፉን ያገላበጠው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተሰቡ ሊቅ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የውጭ ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ጃኬት አንገት ላይ የተሰፋች ጨርቅ ሳትቀር። እሱም አያሳፍራቸውም። «በሙቅ ውሃ እጠቡት ነው የሚለው» ይላል። ጃኬቱ ተኮማትሮ የሕፃን ልብስ ቢያክል ጥፋቱ የውሃው ነው። የሚገርመው ሚስቱ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ስታነብ የምትውል ሴት መሆኗ ነው። አጠገቡ ተቀምጣ እያለች ብልቃጡ በእሷ አናት ላይ አልፎ ወደ እሱ ይሄዳል። እሷም ነገሩን ለምዳዋለች፤ ብልቃጡ ሲመለስ ቀስ ብላ አንብባ «ከምግብ በኋላ ነው» ትላለች፤ ሁሉም «አዎ፣ እሱም እንደዚያ ነው ያለው» ብለው መድኃኒቱን ይውጣሉ።

መተዳደሪያው የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የመንገድ ምልክት እየሣለ፣ መኪና ከውስጥ ምን እንደሚመስል እየዘረዘረ ያስተምራል። እንግሊዝኛውም ከመኪና ሆድ ወጥቶ አያውቅም። ፍሬን፣ ማርሽ፣ መሪ፣ ፍሪሲዮን በእንግሊዝኛ ምን ምን እንደሚባሉ አንድ ሳይቀር ያውቃል። ሰው ግን ፍሬንና ማርሽ ስለሌለው፣ ከሰው ጋር ሲያወራ ቃል ያልቅበታል።

የሚስቱ ታላቅ ወንድም የሳሙና ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በዚያ ላይ የፋብሪካው እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት። አባታቸው ሲሞት እህቱን ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ስለሆነ በእሷ ቤት ቃሉ አይታጠፍም። በክለቡ ደግሞ አሰልጣኝ እንደ ካልሲ ይቀያይራል፤ የተቀመጠበትን ወንበር ግን አንድም ቀን ለሌላ ሰው አስሞክሮ አያውቅም። በረኞቹ ኳስ ሲያመልጣቸው የተቃራኒ ቡድን ደጋፊዎች «ሳሙና ነክቶ መጥቶ ምን ይያዝ!» እያሉ ይዘፍኑባቸዋል። ዋናውን በረኛ «ሙጫ» ብለው ሰይመውታል፤ እጁ ላይ ምንም ነገር ስለማይጣበቅ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ፕሬዚዳንቱ እህቱ ቤት መጣ። ለሦስት ሰው በተሠራው ሶፋ መሐል ብቻውን ተቀምጦ ዜናውን አበሠረ።

«ለበረኞቹ ብቻ የሚሆን አሰልጣኝ ከውጭ አስመጥቻለሁ። ሰውየው ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የለውም። አስተርጓሚ ስፈልግ ነበር፤ ኋላ ግን ለምን ሩቅ እሄዳለሁ አልኩ። ሊቅ ቤቴ ተቀምጦልኝ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ...» አለ ሰውየው። እንደ ትሕትና ተቆጠረለት።

«በቃ! ከነገ ወዲያ ትጀምራለህ።»

እንግዳውን ሸኝተው ሲመለሱ ሚስቱ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈች።

«ንገረው» አለችው።

«ምኑን?»

«እንደማትችል።»

«እችላለሁ እኮ! ትንሽ ዝጎብኝ ነው እንጂ።»

«የዛገ ነገር እኮ መጀመሪያ ብረት መሆን አለበት።»

አሰልጣኙ ቁመቱ አጠር፣ አንገቱ ወፈር ያለ፣ ድምፁ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። በወጣትነቱ በረኛ ስለነበር ጣቶቹ ተሰብረው ተሰብረው እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው አገር ያመለክታሉ። ተጫዋቾቹ «ሚስተር» አሉት። የመጀመሪያው ቀን በረኞቹን ሰብስቦ ኳስ አነሣና ተናገረ። ረጅም ተናገረ። ኳሱን ወደ ላይ ወርውሮ ሲቀበል «ካች» አለ። መሬት ለመሬት ሲንከባለል ተንበርክኮ ወደ ደረቱ እየጠረገ «ጋዘር» አለ። ከአጥቂ እግር ሥር ብልጭ ብሎ ሲወስድ «ስናች»፣ ደረቱ ላይ አጣብቆ ሲተኛበት «ክላች» አለ። ከዚያ ጣቶቹን እንደ አሞራ ጥፍር አንጨፍሮ «ግራብ» አለና፣ እንዲህማ አይሆንም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ላብ እስኪያጠልቀው አስረድቶ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። በረኞቹም ዞሩ።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያዝ ነው የሚለው» አለ።

ሙጫ ጠበቀ። የቀረ ነገር ያለ መስሎት ነበር።

«ይህን ሁሉ አውርቶ?»

«እንግሊዝኛ እንዲህ ነው። ብዙ ተብሎ ትንሽ የሚባልበት ቋንቋ ነው።»

በዚህ ዓይነት ሳምንታት አለፉ። ካችም ያዝ፣ ጋዘርም ያዝ፣ ስናችም ያዝ ሆነ። ሚስተር የዚህ አገር ቋንቋ ከአንድ ቃል በላይ የሌለው ምስኪን ቋንቋ መሆኑን ለአገሩ ሰዎች በስልክ ሳያወራ አልቀረም። ሰውየው ግን ደስተኛ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ የስፖርት ቱታ ተሰጥቶታል፤ ሰፈር ውስጥ ቱታውን ለብሶ ሲያልፍ ልጆች ይከተሉታል።

ጣጣው የመጣው ሚስተር መከልከል የጀመረ ዕለት ነው። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ያንሸራትታል። አንድ የሚንከባለል ኳስ ሲመጣ ሙጫ በጥፍሩ ሊቦጭቀው ሞከረና አመለጠው። ሚስተር ግራብ ማድረጉን ተው፣ ጋዘር አድርግ ብሎ ጮኸ። ሁለቱ ቃላት ደግሞ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ አንድ አልጋ ላይ የሚተኙ ናቸው።

«ምን አለ?» አለ ሙጫ።

«አትያዝ።»

«እ?»

«አትያዝ፤ ያዝ።»

ሙጫ ግራ ቀኙን ገላመጠ። «ምነው፣ ፖሊስ መጣ እንዴ?»

«ኳሱን ነው እንጂ! አትያዘው፤ ግን ያዘው።»

«ጋሼ፣ ልያዘው ወይስ አልያዘው?»

«ያዘው። አያያዝህ ግን ያልያዝከው ይምሰል።»

ቀጣዩ ኳስ ሲመጣ ሙጫ እጁን ዘረጋ፣ ሰበሰበ፣ እንደገና ዘረጋና፣ ለትልቅ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ፈንጠር አለ። ኳሱም በክብር አልፎ መረብ ውስጥ ገባ። ሚስተር ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለው። ሰውየው ይህንን መተርጎም አላስፈለገውም።

ከዚህ በኋላ ሙጫ አንድ ቀን ብቻ ቀንቶት ነበር። በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ሙጫ በባከነ ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ሚስተር ሮጦ አቀፈውና «አንተ ክላች ነህ!» አለው፤ ጭንቅ ሰዓት ሲመጣ የማይርበተበት፣ የቁርጥ ቀን ሰው ነህ ለማለት ነው። ሰውየው ቃሉን ሲሰማ ፊቱ በራ። በመጀመሪያው ቀን በቃላት ጎርፍ መሐል አምልጦት ነበር፤ በመጨረሻ አንድ የሚያውቀው ቃል መጣ!

«ፍሪሲዮን ነህ ይልሃል!»

«ምን?»

«ፍሪሲዮን! ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው።»

ሙጫ ከሚስተር እቅፍ ቀስ ብሎ ወጣ። «ጎል አድኜ እንኳ ይረገጣል ነው የሚለኝ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰውየው ስም «ጋሽ ፍሪሲዮን» ሆኖ ቀረ። ተጫዋቾቹ በፊቱ ጋሼ፣ በሌለበት ፍሪሲዮን ይሉት የነበረውን ብዙም ሳይቆዩ አንድ ላይ አጣበቁት።

ነገሩ ስለከነከነው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ መዝገበ ቃላት ገዛ። መዝገበ ቃላት የተባረከ ነገር ነው፤ ቃሉን ይነግርሃል፣ የት እንደምትለው ግን ለራስህ ይተውልሃል። ሰውየው ግራብን ፈልጎ «ቀማ» የሚል አገኘ። ስናች «መነተፈ» ሆኖ ተገኘ። ሲዝ የተባለው ደግሞ «ወረሰ»። ደስ ብሎት ሦስቱንም በቃሉ ያዘ፤ የሚለቃቸው ቦታ እስኪያገኝ እንቅልፍ አጣ።

ቦታውን ብዙም ሳይቆይ አገኘ። ቡድኑ በሊጉ ጠንካራ የሚባለውን ተቀናቃኝ በመጨረሻዋ ደቂቃ አንድ ለዜሮ አሸነፈ። ዋናው አሰልጣኝ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ስለተዘጋ ጋዜጣዊ መግለጫውን እንዲሰጥ ሚስተር ተላከ። ጋዜጠኞች ተሰብስበዋል፤ የስፖርት ሬዲዮ በቀጥታ ያስተላልፋል። ሚስተር በደስታ ተናገረ። ሰውየው ቱታውን አስተካክሎ ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋ።

«በመጨረሻዋ ደቂቃ ድሉን መነተፍነው ይላል» አለ። ጋዜጠኞቹ ቀና አሉ። እሱ አድናቆት መሰለው። «ዕድሉ ሲገኝ በሁለት እጃችን ቀማን። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አንደኛነቱን እንወርሳለን።»

በማግሥቱ ከተማው በሙሉ አንድ ወሬ ሆነ። «የሳሙናው ቡድን መንትፎ ማሸነፉን በገዛ አንደበቱ አመነ» አለ ሬዲዮው። የተሸነፈው ክለብ «ድሮም ብለን ነበር» ብሎ አቤት አለ። አንድ አድማጭ ስልክ ደውሎ፣ አጎቱ ዳኛ እንደሆነና ነገሩን ከመጀመሪያው እንደጠረጠረው በሰፊው አስረዳ። ስለ ጎሉ ያነሣ ሰው አልነበረም። ጎሉ ግን ከማዕዘን ምት በጭንቅላት የገባ ንጹሕ ጎል ነበር፤ ያገባው ልጅ እስከ ዛሬ እንደተበሳጨ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ሰውየውን ቢሮው አስጠራው።

«መነተፍን አልክ?»

«መዝገበ ቃላቱ ነው ጋሼ።»

«እኔን ሌባ የሚያሰኝ መዝገበ ቃላት!»

«ስምዎን እኮ አላነሣሁም።»

«ሳታነሣው አይደል እንዴ ሰው ሁሉ ወዲያው ወደ እኔ የዞረው!» አለ ፕሬዚዳንቱ፤ የተናገረውን ራሱም ሲሰማው ግን ደስ አላለውም። «ለመሆኑ ‹ያዝ› ምን አጠፋ? ጨዋ ቃል! ማንንም የማይነካ! ከእንግዲህ እሷን ብቻ ተናገር።»

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሰውየው ቤቱ ወጥ ቤት ገብቶ ለሚስቱ ምሬቱን አፈሰሰ። እሷ ምስር ትለቅማለች።

«እንግሊዝኛ ተንኮለኛ ቋንቋ ነው። መያዝን የመሰለ አንድ ነገር ስንት ቦታ ይቆራርጡታል? ሥራ ፈቶች!»

ሚስቱ ከቅርጫቱ ብርቱካን አንሥታ ወረወረችበት። ደንግጦ ተቀበለ።

«ምን አደረግክ?»

«ያዝኩ።»

«ልጅ ሆነህ ኳስ ከላይ ሲመጣልህስ?»

ትንሽ አሰበ። «ቀለብኩ።»

ጠጋ ብላ ብርቱካኑን ከእጁ መንጭቃ ወሰደች። «አሁንስ?»

«ነጠቅሽኝ።»

ከትሪው ጥግ የተበተነውን ምስር አመለከተችው። መዳፉን ዘርግቶ ወደ ራሱ ጠራረገና «ሰበሰብኩ» አለ ሳይጠየቅ። ከዚያ ጭብጥ አድርጎ አነሣና «ዘገንኩ» አለ። ጨዋታው ጣመው። ትራስ አምጥታ ሰጠችውና ልቀማህ ስትለው ደረቱ ላይ አጣብቆ «አቅፌ ጥርቅም!» እያለ በወጥ ቤቱ ዞረ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጎረቤት በመስኮት ቢያየው ለሐኪም ይነግርበት ነበር።

«የወንድምሽ ወንበርስ?» አለ በጨዋታው መሐል።

ሚስቱ ቆም አለች። «እሱማ... የሙጥኝ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሁለቱም ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ።

«እንግሊዝኛህማ ድሮም አልነበረም» አለችው ምስሯን እየሰበሰበች። «እኔን የገረመኝ አማርኛህን የት እንደጣልከው ነው። ደግሞ ቃል እንደ ሰው ነው፤ ከማን ጋር እንደቆመ ይታያል። ስናች ከቦርሳ ጋር ሲቆም መመንተፍ ነው። ከድል ጋር ሲቆም ግን ከአፋቸው ፈልቅቆ ማውጣት ነው። ‹ድሉን ከጥርሳቸው ፈለቀቅነው› ብትል ኖሮ ማን አቤት ይልብህ ነበር? ሲዝም መንግሥት የሰውን ቤት ሲዝ ሲያደርግ መውረስ ነው፤ ሰው ዕድሉን ሲዝ ሲያደርግ ግን ማን ምን ወረሰ? ሳያሳልፍ ተጠቀመበት ማለት ነው።»

«አንቺ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

«ብልቃጡን ለእኔ ብትሰጡኝ ድሮ ታውቁት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ከሥራ ሲመለስ የዕለቱን ቃላት ለሚስቱ ያመጣል፤ እሷ ፈትታ ታስረዳዋለች፤ እሱ በአማርኛ አልብሶ ወደ ሜዳ ይወስዳቸዋል። «ቅለብ!» ይላል ኳሱ ከላይ ሲመጣ። «ጠርገህ ሰብስብ!» «ከእግሩ ሥር ንጠቅ!» «እቀፍና ተኛበት!» «አትቦጭቅ፣ ይምጣልህ!» ሚስተር አስተርጓሚው እንደሱ ረጅም መናገር መጀመሩን ሲሰማ መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ኋላ ሙጫን ሲያይ ጥርጣሬውን ተወ። ልጁ እጁ ተፈታ። ጨዋታ አልፎ ጨዋታ ሲመጣ መረቡ ሳይነካ መውጣት ጀመረ። ደጋፊው ስሙን መቀየር አላስፈለገውም፤ «ሙጫ» የሚለው ስድብ ባለበት ቆሞ ምስጋና ሆነ።

ቡድኑ ሲያሸንፍ ፕሬዚዳንቱም አብሮ አደገ። የቡድኑ አውቶቡስ እሱ ለሚያሠራው አዲስ ቤት ጡብ ማመላለስ ያዘ፤ ተጫዋቾቹ በጭነት መኪና ላይ፣ በሳሙና ካርቶን መሐል ተቀምጠው ወደ ጨዋታ ይሄዳሉ። ቢያንስ ሽታቸው ጥሩ ነበር። ከልምምድ ሜዳው ግማሹ የፋብሪካው ባዶ በርሜል ማከማቻ ሆነ። ሚስተር ከአገሩ ወዳጆቹን ለምኖ ለበረኞቹ ያስላከው ጓንት በፕሬዚዳንቱ ቢሮ በኩል ሲያልፍ ካርቶኑ ብቻ ደረሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ የፕሬዚዳንቱ አትክልተኛ በበረኛ ጓንት ጽጌረዳ ሲከረክም ታየ። እሾህ ጎል አልገባበትም።

የአንደኛው ዙር ማጠቃለያ ስብሰባ በፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ተጠራ። ተጫዋቾች፣ ሠራተኞች፣ የቦርድ አባላት ተገኙ። ፕሬዚዳንቱ ስለ ፕሬዚዳንቱ ትጋት ረጅም ንግግር አደረገና፣ ምስጋና ሲቀበል ለመታየት ሚስተርን ጋበዘው።

ሚስተር ተነሣ። አልጮኸም። ቀስ ብሎ፣ ጠመም ጠመም ባሉ ጣቶቹ እየቆጠረ ተናገረ። ሰውየው እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ሰማው፤ በሕይወቱ እንዲህ ጥርት ብሎለት አያውቅም። አውቶቡሱን ሲያነሣ ግራብ አለ። ጓንቱ ላይ ስናች አለ። ሜዳው ላይ ሲዝ፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ክላች፤ በዚህ ቦታ ፍሪሲዮን እንዳልሆነ አሁን ያውቃል። ምናለ ባላውቅ ብሎ ተመኘ። አለማወቅ እንዴት ያለ ምቹ አልጋ እንደነበር የገባው ያኔ ነው።

የሚስቱ ወንድም ከፊት ወንበር ፈገግ ብሎ እያየው ነው። ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ ሥራውን የሰጠው ጋሼ። ሰውየው አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የድሮው ነበር።

«ፕሬዚዳንታችን አውቶቡሱን ይዘዋል ይላል። ጓንቱን ይዘዋል፤ ሜዳውን ይዘዋል፤ ወንበራቸውንም አጥብቀው ይዘዋል ይላል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ፕሬዚዳንቱ ግማሽ ተነሥቶ እጅ ነሣ። ሚስተር ለስድቡ የተጨበጨበለት የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጭብጨባው ሲበርድ ከኋላ አንድ ረጅም እጅ ተነሣ። የሙጫ እጅ ነው።

«ጋሽ ፍሪሲዮን፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አለ ልጁ ከልቡ። ተንኮል የለውም፤ ለበረኛ አያያዝ ማለት ሙያው ነው። «የትኛው መያዝ ነው? ቀለቡ ነው? ሰበሰቡ ነው? ነጠቁ ነው? አንተ ራስህ አይደለህ ልዩ ልዩ ነው ያልከን?»

ሰውየው ጣሪያውን አየ። ከጣሪያው የሚወርድ ቃል አልነበረም።

«እውነት ነው፤ አሳጠርኩት» አለ በመጨረሻ። ድምፁ መጀመሪያ ቀጠነ፤ እየቆየ ግን ሜዳ ላይ እንደለመደው ጠና። «አውቶቡሱን ላፍ አደረጉት ነው የሚለው። ጓንቱን ከልጆቹ እጅ መነተፉ። ሜዳውን የአባታቸው ርስት ይመስል ወረሱ። ወንበሩን ደግሞ የሙጥኝ ብለዋል፤ ቢነቅሏቸው እንጂ አይለቁም ይላል። ይኸው ነው። አንድም አልጨመርኩ።»

ሳሙና ከሚጠቀልሉት ሴቶች አንዷ ከት ብላ ሳቀች። እሷ ስትጀምር አዳራሹ ተከተለ። ፕሬዚዳንቱ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀና ፊቱን ሳያጠቁር «አስተርጓሚያችን ደክሞታል፤ ረፍት ያስፈልገዋል» አለ።

ረፍቱ ረጅም ሆነ። በማግሥቱ የፋብሪካው ዘበኛ በሩ ላይ አስቆመው። «ጋሼ፣ አንተን አታስገባ ተብያለሁ» አለው እያፈረ፤ አፍሮም ስለነበር ቱታውን አልተቀበለውም። ሚስተርን ማባረር አልተቻለም፤ ፕሬዚዳንቱ «ከውጭ አስመጣሁ» ብሎ ለቦርዱ ብዙ ፎክሮበታል። ነገር ሲበላሽ የሚባረረው መቼም ተናጋሪው ሳይሆን ተርጓሚው ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ወንድሜ ደውሎ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ባልሽ ክብሬን ነጠቀኝ አለ።»

«አንቺስ?»

«የሌለህን እንዴት ይነጥቅሃል አልኩት።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ያሳደገኝ እኮ እሱ ነው። የትምህርት ቤት ጫማዬን ራሱ ነበር የሚያስርልኝ። ለእሱ እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም።»

አጠገቧ ተቀመጠ። ምን እንደሚባል አላወቀም፤ መዝገበ ቃላቱም አይነግረውም ነበር። እጇን ያዘ። እሷም አላስለቀቀችውም።

ነገሩ እንደ ተረት አላለቀም። ፕሬዚዳንቱ ከወንበሩ አልወረደም፤ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመና ራሱ ሰብሳቢ ሆነ። በርሜሎቹም ሜዳው ላይ ናቸው። አውቶቡሱ ግን ተመለሰ፤ ጡብ ጭኖ ባለፈ ቁጥር ሠራተኛው «ላፍ! ላፍ!» እያለ ስለሚጮህበት ሾፌሩ አልነዳም አለ። ጓንትም ተገዛ፣ ርካሹ። አዲስ አስተርጓሚ ሆኖ የፕሬዚዳንቱ ወዳጅ ልጅ ተቀጠረ፤ ሚስተር የፈለገውን ቢናገር «በጣም ደስ ብሎኛል ይላል» እያለ ይተረጉማል። ወንድምና እህት ለብዙ ጊዜ ተኮራርፈው ቆይተው አንድ እሑድ ወንድሟ መጣ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ስለ አየሩ አወራ። እሷም ስለ አየሩ መለሰችለት።

ሰውየው ወደ ሰሌዳውና ወደ መንገድ ምልክቱ ተመለሰ። ከሥራ ሲወጣ አልፎ አልፎ ወደ ልምምድ ሜዳው አጥር ይሄዳል። አንድ ቀን ከሰዓት ሚስተርና ሙጫ አይተውት ከአጥሩ ውጭ መጡ። ሚስተር ትከሻውን መታ አድርጎ ስለ ሻይ አንድ ነገር አለው፤ ከሻዩ በፊት «ግራብ» የምትለዋ ቃል ነበረችበት።

ሰውየው ደነገጠ። ከአጥሩ አጠገብ ያለችውን ሻይ ቤት አየ፤ ባለቤቷን አየ።

«ምን አለ?» አለ ሙጫ።

«ሻይ ላፍ እናድርግ ይላል። ሰውየው ምን ነካው? የማንን ሻይ?»

ግራ ቢገባው ለሚስቱ ደወለ። እሷ በስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቀች። «ሻይ እንጠጣ ማለቱ ነው» አለችው። «ቶሎ ብለን፣ ቆም ብለን፣ እንዲሁ አንድ ሻይ። ሂድ ጠጣ።»

ሄዱ። አጥሩ ጥግ ባለው አግዳሚ ላይ ሦስቱም ተደርድረው ተቀመጡ። ሚስተር ስለ ልጅነቱ ያወራ ጀመር፤ ሰውየው የገባውን ያህል ለሙጫ እየነገረ፣ ያልገባውን «ይህችኛዋ አልገባችኝም» እያለ አለፈ። ሻዩ ትኩስ ነበር፤ ስኳሩ ግን በዝቶበታል።